የዘመድ ጥየቃ፣ የቋሚ ነዋሪነት መብትና የቀበሌ ማስረጃ

ከድሬዳዋ በስተምዕራብ በቀድሞው የባቡር ሐዲድ መስመር ላይ የምትገኘው ሁርሶ በወታደራዊ ማሰልጠኛዋ ስሟ ይነሣል። የባቡሩ ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ከደረሰበት ጊዜ አንሥቶ የአካባቢው ነዋሪ ኑሮ ከጅቡቲ ወደብና ከባሕር ማዶ ጋር የተሣሠረ ነው። ንግድ፣ ትምህርት፣ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮ ሶማሊያ ጦርነት፣ ከዚያም የአሜሪካው የዲቪ ዕጣ በየጊዜው በርካታ ሰዎችን ከምሥራቁ የአገሪቱ ክፍል ወደ ሰሜን አሜሪካ፣ ወደ አውሮፓና ወደ ዓረብ አገሮች ወስደዋል።

ከእነዚህ ወገኖች ብዙዎቹ ዘመድ ለመጠየቅ፣ የታመመ ወላጅ ለማስታመም፣ ለሠርግና ለለቅሶ ወደ ትውልድ ቀያቸው ይመለሳሉ። የሚመለሱት ሁሉ ግን የሌላ አገር ዜግነት የያዙ አይደሉም። የኢትዮጵያ ፓስፖርታቸውን እንደያዙ በሚኖሩበት አገር የቋሚ ነዋሪነት መብት ያገኙ ብዙ ናቸው። ለእነዚህኞቹ የጥየቃው ጊዜ መርዘም ለዓመታት ደክመው ያገኙትን መብት እስከ ማሳጣት የሚደርስ መዘዝ ሊያስከትል ይችላል።

ጉዳዩ የውጭ አገር ሕግ ስለሆነ የአገር ውስጥ መሥሪያ ቤቶችን የማይመለከት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን መንገደኛው ለምን እንደዘገየ ሲጠየቅ የሚያቀርበው ማስረጃ በአብዛኛው የሚወጣው ከቀበሌ ጽሕፈት ቤት፣ ከወሳኝ ኩነት ምዝገባ፣ ከጤና ጣቢያና ከሆስፒታል ነው። በመሆኑም በአንድ ቀበሌ ሠራተኛ የተጻፈ ደብዳቤ ቀኑና ስሙ የተሟላ መሆኑ ወይም አለመሆኑ በሌላ አህጉር የአንድን ቤተሰብ ዕጣ ሊወስን ይችላል።

ለማስረዳት የሚቀርብ አብነት

ነገሩን ግልጽ ለማድረግ አንድ አብነት እንውሰድ። የሁርሶ ተወላጅ የሆነና የአሜሪካን የቋሚ ነዋሪነት መታወቂያ ማለትም ግሪን ካርድ የያዘ አንድ ሰው እናቱ በጽኑ መታመማቸውን በኅዳር 2016 ዓ.ም. ይሰማል። ከመሥሪያ ቤቱ የሦስት ወር ፈቃድ ወስዶ፣ የደርሶ መልስ ትኬት ቆርጦ ጥር 1 ቀን 2016 ዓ.ም. ከአሜሪካ ይነሣል። የእናቱ ሕመም እየጸና በመሄዱ በሦስተኛው ወር ሊመለስ አልቻለም። የሚያስታምማቸው ሌላ ሰው ስለሌለም ከአልጋቸው ሳይርቅ ይቆያል። እናቱ ካረፉ በኋላ ለቅሶውን ተቀምጦ፣ የቤቱን ጉዳይ አስተካክሎ ለመመለስ ሲነሣ ከወጣ 14 ወራት አልፈዋል።

ይህ ሰው ያደረገው ማንኛውም የኢትዮጵያ ልጅ ሊያደርገው የሚገባውን ነው። ይሁንና ግሪን ካርዱ ላይ የተጻፈው የአገልግሎት ዘመን ገና ብዙ ዓመት ቢቀረውም ካርዱ ብቻውን ወደ አሜሪካ ሊያስገባው አይችልም። ምክንያቱን ለመረዳት የቋሚ ነዋሪነትን ምንነት ማየት ያስፈልጋል።

ቋሚ ነዋሪነት ዜግነት አይደለም

ዜጋ ከአገሩ ውጭ ለብዙ ዓመታት ቢቆይም በመቆየቱ ብቻ ወደ አገሩ የመመለስ መብቱን አያጣም። ቋሚ ነዋሪነት ግን በስሙ “ቋሚ” ይባል እንጂ ሰውየው በዚያ አገር መኖሩን እስከቀጠለ ድረስ ብቻ የሚጸና መብት ነው። መብቱ የተሰጠው እንዲኖርበት ስለሆነ መኖሩን ከተወ መብቱም ይቀራል የሚል መሠረተ ሐሳብ በየአገሩ ሕግ ውስጥ ይገኛል። ልዩነቱ “መኖርን መተው” የሚለካው በምንድን ነው በሚለው ላይ ነው። አንዳንድ አገሮች ቀን ይቆጥራሉ። ሌሎች ከቀኑ በተጨማሪ የሰውየውን ሐሳብና ኑሮ ይመረምራሉ።

የአሜሪካ አሠራር ሁለቱንም የቀላቀለ ነው። አንድ ቋሚ ነዋሪ ያለማቋረጥ ከ180 ቀናት በላይ ከአገሪቱ ውጭ ከቆየ በመግቢያ በር ላይ እንደ አዲስ ገቢ ተቆጥሮ ጥያቄ ሊቀርብለት ይችላል። አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ከቆየ ደግሞ ግሪን ካርዱ ለመመለሻነት ማገልገሉን ያቆማል። በአብነቱ የተጠቀሰው ሰው 180ኛ ቀኑ የሞላው ሐምሌ 1 ቀን 2016 ዓ.ም. ነበር። ጥር 2017 ዓ.ም. ሲገባ ደግሞ ዓመቱ ሞልቷል።

ዜግነት ለማመልከት በሚቆጠረው ጊዜ ላይም መዘግየቱ ጫና አለው። የአሜሪካ ዜግነት የሚጠይቅ ቋሚ ነዋሪ በመደበኛው አሠራር አምስት ዓመት ያልተቋረጠ ነዋሪነት ሊኖረው የሚገባ ሲሆን፣ ከስድስት ወር በላይ መራቅ ነዋሪነቱ እንደተቋረጠ ያስገምታል። አንድ ዓመት የሞላው መራቅ ደግሞ ቆጠራውን በመደበኛው አሠራር ያቋርጠዋል። ስለሆነም ግሪን ካርዱን ያላጣ ሰው እንኳ የዜግነት ተራው በዓመታት ሊራዘምበት ይችላል።

“በየስድስት ወሩ ብቅ ማለት ይበቃል” የሚለው ስሕተት

በመንገደኞች ዘንድ በሰፊው የሚነገር አንድ አባባል አለ። ይኸውም በየስድስት ወሩ ወይም በዓመት አንድ ጊዜ አሜሪካ ረግጦ መመለስ መብቱን ያስጠብቃል የሚል ነው። አባባሉ ትክክል አይደለም። የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ይግባኝ ቦርድ እ.ኤ.አ. በ1975 በሰጠው ውሳኔ፣ የዓመቱን አብዛኛውን ክፍል በትውልድ አገሯ በጃማይካ እየኖረች በየዓመቱ ለአጭር ጊዜ ወደ አሜሪካ ትመለስ የነበረች አንዲት ሴት ነዋሪነቷን እንደተወች ቆጥሯል።

ቦርዱ ያስቀመጠው መመዘኛ እስካሁን የሚሠራበት ሲሆን ሦስት ነገሮችን ያያል። አንደኛው የጉዞው ዓላማ ነው። ሁለተኛው ጉዞው የሚያበቃበት ጊዜ አስቀድሞ የታወቀ ወይም ሊገመት የሚችል መሆኑ ነው። ሦስተኛው ሰውየው መኖሪያዬ የሚለው፣ ቤቱና ሥራው ያለው የት ነው የሚለው ነው። በዚህ መሠረት በአሜሪካ የቤት ኪራይ መክፈሉ፣ የባንክ ሒሳቡ መንቀሳቀሱ፣ ግብሩን እንደ ነዋሪ ማሳወቁና ከአሠሪው የፈቃድ ደብዳቤ መያዙ ይጠቅመዋል። በአንጻሩ ግብሩን “ነዋሪ ያልሆነ” ብሎ ማሳወቁ ነዋሪነቱን እንደተወ የሚያስቆጥር ምልክት ሊሆን ይችላል።

መንገደኛው ከመነሣቱ በፊት የሚያገኘው ዋነኛ መከላከያ የመመለሻ ፈቃድ ወይም በተለምዶ ሪኢንትሪ ፐርሚት የሚባለው ሰነድ ነው። ማመልከቻው አይ-131 በተባለው ቅጽ የሚቀርብ ሲሆን፣ አመልካቹ በሚያመለክትበት ጊዜ በአካል አሜሪካ ውስጥ መገኘት አለበት። ፈቃዱ እስከ ሁለት ዓመት የሚያገለግል ሲሆን አይታደስም። ሁርሶ ወይም ድሬዳዋ ከደረሱ በኋላ ማመልከት አይቻልም። ሕመም የሰማ ሰው ተጣድፎ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋውም ይኸው ነው።

አንድ ዓመት ካለፈ በኋላ የሚቀረው መንገድ የተመላሽ ነዋሪ ቪዛ መጠየቅ ነው። ኤስቢ-1 በመባል የሚታወቀው ይህ ቪዛ በአሜሪካ ኤምባሲ የቆንስላ ክፍል የሚጠየቅ ሲሆን፣ አመልካቹ ሦስት ነገሮችን እንዲያስረዳ ይፈለጋል። ሲነሣ ቋሚ ነዋሪ እንደነበረ፣ የመመለስ ሐሳብ ይዞ እንደወጣና ሐሳቡን እንዳልተወ፣ እንዲሁም የዘገየው ከቁጥጥሩ ውጭ በሆነና እሱ ተጠያቂ ባልሆነበት ምክንያት መሆኑን ነው። የቪዛ አሰጣጥ በየጊዜው በሚወጡ መመሪያዎች ሊገደብ ወይም ሊቆም ስለሚችል ግን ማንም ሰው አስቀድሞ ተማምኖበት ሊዘገይ የሚገባው መንገድ አይደለም።

በመግቢያ በር ላይ ነዋሪነትን በፈቃድ ለመተው የሚያገለግል አይ-407 የተባለ ቅጽ መኖሩንም ማወቅ ይገባል። ቅጹ የሚሞላው በፈቃድ ነው። መብቱን አልተውኩም የሚል ሰው ሳይፈርም ጉዳዩ በኢሚግሬሽን ዳኛ ፊት እንዲታይለት የመጠየቅ መብት አለው። ምን እንደሚል ሳያነቡ መፈረም በዳኛ ፊት ሊቀርብ ይችል የነበረውን ክርክር ያስቀራል።

የሌሎች አገሮች ሕግ

በካናዳ ቆጠራው ግልጽ ነው። ቋሚ ነዋሪ በእያንዳንዱ የአምስት ዓመት ጊዜ ውስጥ ቢያንስ 730 ቀናት በካናዳ መገኘት አለበት። ቀናቱ ተከታታይ መሆን አይጠበቅባቸውም። ካናዳዊ ከሆነ የትዳር ጓደኛ ጋር በውጭ አገር የሚያልፉ ቀናትም ይቆጠራሉ። ቀኑ የጎደለበት ሰው ሰብዓዊ ምክንያቱን ማለትም የታመመ ወላጅ ማስታመሙን አስረድቶ መብቱ እንዲጠበቅለት መጠየቅ ይችላል። በውጭ አገር ሳለ መብቱን አጥቷል ተብሎ የተወሰነበት ሰው ደግሞ በ60 ቀናት ውስጥ ይግባኝ ማቅረብ ይኖርበታል።

በብሪታንያ ያለገደብ የመኖር ፈቃድ ያለው ሰው ያለማቋረጥ ከሁለት ዓመት በላይ ከአገሪቱ ውጭ ከቆየ ፈቃዱ ይቀራል። በጀርመን ሕግ ደግሞ ጊዜው አጭር ነው። የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው ከስድስት ወር በላይ ከአገሪቱ ከራቀ ፈቃዱ በመደበኛው አሠራር ይቋረጣል። ረዘም ላለ ጊዜ ለመሄድ ምክንያት ያለው ሰው ከመነሣቱ በፊት የውጭ ዜጎች ጽሕፈት ቤቱን አስፈቅዶ የተራዘመ ቀነ ገደብ ማግኘት ይችላል። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ያለው የሥራ መኖሪያ ፈቃድ ቋሚ ነዋሪነት ባይሆንም በመደበኛው አሠራር ከ180 ቀናት በላይ መራቅ ፈቃዱን ያስቀራል።

ከእነዚህ አሠራሮች መረዳት እንደሚቻለው በሁሉም ዘንድ ሁለት ነገሮች የጋራ ናቸው። መፍትሔው ከመነሣት በፊት ሲፈለግ ቀላል፣ ከዘገዩ በኋላ ሲፈለግ ከባድ ነው። ከዘገዩ በኋላ የሚፈለገው መፍትሔ ደግሞ የሚቆመው በማስረጃ ላይ ነው።

በጥገኝነት የሄዱ ሰዎች ሁኔታ

ከዚህ ሁሉ የተለየ ጥንቃቄ የሚሻው በስደተኛነት ወይም በጥገኝነት መብት ያገኙ ሰዎች ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1951 የወጣው የስደተኞች ስምምነት አንድ ስደተኛ በፈቃዱ የአገሩን ጥበቃ መልሶ ከተጠቀመ ስደተኛነቱ ሊያበቃ እንደሚችል ይደነግጋል። የትውልድ አገርን ፓስፖርት ማውጣትና ወደዚያው አገር መጓዝ የዚህ ምልክት ተደርጎ ሊወሰድ ይችላል። በካናዳ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2012 ሥራ ላይ በዋለው ሕግ መሠረት በዚህ ምክንያት ስደተኛነቱ እንዲቋረጥ የተወሰነበት ሰው ቋሚ ነዋሪነቱንም ያጣል። በመሆኑም ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው አደጋው ከቆይታው ርዝመት ይልቅ ከጉዞው ይመነጫል ማለት ነው። ከመነሣቱ በፊት የሕግ ባለሙያ ማማከር አማራጭ የሌለው ነው።

ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት

መንገደኞች በራሳቸው ጥፋት ብቻ አይዘገዩም። በ2012 ዓ.ም. የኮቪድ-19 ወረርሽኝ ሲስፋፋ በበርካታ መዳረሻዎች በረራዎች ተቋርጠው ነበር። በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል በተካሄደው ጦርነት ምክንያት ተቋርጦ የነበረው የመቐለ የመንገደኞች በረራም ዳግም የተጀመረው በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ነው። በእነዚህ ጊዜያት ዘመድ ለመጠየቅ መጥቶ መውጫ ያጣ ሰው ምክንያቱን በአደባባይ በሚታወቅ ነገር ማስረዳት ይችላል።

የእናት ሕመም ግን በአደባባይ አይታወቅም። የሚታወቀው በወረቀት ነው። በአብነቱ የተጠቀሰው የሁርሶ ተወላጅ በቆንስላው ፊት ሲቀርብ “እናቴን አስታምሜ ነው” ማለቱ ብቻ አይበቃውም። እናቱ በድሬዳዋ ድል ጮራ ሪፈራል ሆስፒታል ታክመው ከሆነ መቼ እንደገቡና መቼ እንደወጡ፣ አስታማሚ ያስፈልጋቸው እንደነበረ፣ መቼ እንዳረፉ፣ እሱ ልጃቸው መሆኑንና ሌላ አስታማሚ አለመኖሩን የሚያሳይ ማስረጃ ይጠየቃል። ይህን ማስረጃ ማግኘት የሚችለው ደግሞ ከአገሩ መሥሪያ ቤቶች ብቻ ነው።

ከመሥሪያ ቤቶች የሚጠበቀው

በተግባር ጉዳት የሚያስከትለው የመጀመሪያው ጉድለት የቀን አጻጻፍ ነው። አንድ የሕክምና ወረቀት “ኅዳር 12 ቀን 2016” ብቻ ብሎ ቢወጣና ተርጓሚው ዘመኑን ሳያገናዝብ ወደ እንግሊዝኛ ቢመልሰው፣ በውጭ ያለው አንባቢ ሕመሙ የጀመረው እ.ኤ.አ. ኅዳር 12 ቀን 2016 እንደሆነ ይረዳል። ትክክለኛው ቀን ግን እ.ኤ.አ. ኅዳር 22 ቀን 2023 ነው። ስለዚህ ልጁ ከመነሣቱ ከሁለት ወር ያነሰ ጊዜ በፊት የተጻፈው ወረቀት ከሰባት ዓመት በፊት የተጻፈ መስሎ ይቀርባል። እውነተኛ ማስረጃ የያዘ ሰው እንደ ሐሰተኛ የሚታየው እንዲህ ባለ ስሕተት ነው። በሁለቱም ዘመን አቆጣጠሮች ቀኑን መጻፍ አንድ መስመር ብቻ የሚወስድ ሥራ ነው።

ሁለተኛው የስም ጉዳይ ነው። በኢትዮጵያ ልማድ ልጅ የአባቱንና የአያቱን ስም ይይዛል እንጂ የእናቱን ስም ስለማይይዝ የእናትና የልጅ ዝምድና ከስማቸው አይታይም። የባለጉዳዩ ስም በፓስፖርቱ ላይ በላቲን ፊደል እንደተጻፈው ሆኖ በደብዳቤው ላይ ካልሰፈረም ሁለቱ ሰነዶች የአንድ ሰው ስለመሆናቸው ጥያቄ ይነሣል።

ሦስተኛው የይዘት ጉድለት ነው። “ባለጉዳዩ በቀበሌያችን መኖሩን እንገልጻለን” የሚል ደብዳቤ ለአገር ውስጥ ጉዳይ ያገለግል ይሆናል። ለዘመድ ጠያቂው ግን ሊጎዳው ይችላል። ለጥየቃ የመጣ ሰው “የቀበሌያችን ነዋሪ ነው” ተብሎ ሲጻፍለት መኖሪያውን ወደ ኢትዮጵያ እንዳዛወረ ያስመስላል። ትክክለኛው አጻጻፍ ሰውየው ከመቼ እስከ መቼ፣ በማን ቤት፣ በምን ምክንያት በእንግድነት እንደቆየ መግለጽ ነው።

አራተኛው የጊዜ ጉዳይ ነው። ስለ ወሳኝ ኩነት ምዝገባ የወጣው አዋጅ ቁጥር 760/2004 ሞት በ30 ቀናት፣ ልደት በ90 ቀናት ውስጥ እንዲመዘገብ ደንግጓል። ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። በወቅቱ የተመዘገበ ሞት በወራት ዘግይቶ ከተመዘገበው የበለጠ እምነት ይጣልበታል። ቀን እየቆጠረ ላለ መንገደኛ “ነገ ተመለስ” የሚለው መልስም ዋጋው ከባድ ነው። ማስረጃው በ11ኛው ወር ቢሰጠውና በ13ኛው ወር ቢሰጠው ልዩነቱ ግሪን ካርዱን ይዞ በመመለስና በኤምባሲ ደጅ በመጽናት መካከል ያለው ልዩነት ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርቱ ጊዜው ያለፈበት ሰውም በእድሳት መዘግየት ምክንያት ቀኑ ሊያልፍበት ስለሚችል ጉዳዩን አስቀድሞ ማስጀመር ይጠበቅበታል።

ይህ ሲባል ግን ለዘመድ ወይም ለወዳጅ ያልነበረ ሕመም ይጻፍ ማለት አይደለም። ሐሰተኛ ማስረጃ በአገር ውስጥ ሕግ ያስጠይቃል። በውጭም አንድ ጊዜ ከታወቀ ባለጉዳዩን ለዘለቄታው ይጎዳል። ከዚያው መሥሪያ ቤት የሚወጡ እውነተኛ ደብዳቤዎችም በጥርጣሬ እንዲታዩ ያደርጋል። ስለዚህ ሠራተኛው የሚጠበቅበት ለባለጉዳዩ ማዳላት አይደለም። የሆነውን ነገር በሆነበት ቀን፣ በትክክለኛ ስም፣ ኃላፊነት ባለው ፊርማና ማኅተም ማስፈር ነው።

ዜግነትን የሚመለከት ምርጫ

አንዳንድ ቋሚ ነዋሪዎች ከዚህ ሥጋት ለመላቀቅ የሚኖሩበትን አገር ዜግነት ይወስዳሉ። ይህም የራሱ ውጤት አለው። ጥምር ዜግነት በኢትዮጵያ ሕግ አይፈቀድም። በአዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት የሌላ አገር ዜግነት በፈቃዱ ያገኘ ኢትዮጵያዊ ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን እንደተወ ይቆጠራል። ለእንዲህ ያሉ ወገኖች በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የተፈቀደው የትውልደ ኢትዮጵያውያን መታወቂያ፣ በተለምዶ ቢጫ ካርድ የሚባለው፣ ያለ ቪዛ የመግባት፣ ያለ መኖሪያ ፈቃድ የመኖርና ያለ ሥራ ፈቃድ የመሥራት መብት ይሰጣል። የመምረጥና የመመረጥ መብትን ግን አይጨምርም።

ካርዱ የሚያገለግለው የሌላ አገር ዜግነት ለያዙ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያለው ቋሚ ነዋሪ በአገሩ ለመግባትም ሆነ ለመኖር ይህ ካርድ አያስፈልገውም። ሁለቱን ለይቶ ለባለጉዳዩ ማስረዳት ከየጽሕፈት ቤቱ የሚጠበቅ አገልግሎት ነው።

መንግሥት በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን ወደ አገራቸው መጥተው እንዲጎበኙ በተለያዩ ጊዜያት ጥሪ አድርጓል። በ2014 ዓ.ም. የገና በዓል የተደረገው ጥሪ ለዚህ ተጠቃሽ ነው። እንግዳን መጋበዝ በሰላም መሸኘትንም ይጨምራል። ወደ ሁርሶ የመጣው ልጅ እናቱን በወጉ አስታሞና ቀብሮ፣ በሚኖርበት አገር የሚጠብቁትን ሚስቱንና ልጆቹን ለማየት ሲነሣ በእጁ የሚይዘው ስንቅ ከቀበሌውና ከሆስፒታሉ የተሰጠው ወረቀት ነው። ወረቀቱን የሚጽፈው ሠራተኛ ይህን ሊዘነጋው አይገባም።